ኮትህን ስቀል

"ኮትህን ስቀል" አልኩት፣ ከትምህርት ቤት መልስ፣
የበርገን ዝናብ ቆርቆሮውን ሲያምስ።
ያፌት ወንበር ስቦ ቁጭ አለና
እርሳሱን ቀረጸ፣ ምላሱን በጥርሱ ያዘና
ኮቱን ሳለው።
ከነቁልፎቹ። ከነተቀደደው ኪስ።
"ስቀል" በዝናቡ መሐል አልፋ
"ሳል" ሆና ነበር የደረሰችው፣ ግማሿ ጠፍቶ።
ኮቱ ራሱ ወለሉ ላይ ውሃውን ሲተፋ
"ጆሮ የለህም እንዴ!" አልኩት።
ሳቁ ጠፋ።

እኔ የምኖረው በጆሮዬ ነው።
የስልክ አስተርጓሚ ነኝ፤ የሰው ሕመም፣ የሰው ክስ
ከአንዱ አፍ ተቀብዬ ለሌላው የማደርስ።
የምስክር "ምናልባት"፣ የአዋላጅ "ግፊ"፣
አንዲት ቃል አትወድቅብኝም።
ማታ ግን ስልኩን ዘግቼ ልጄን ስጠራው
"እ?" ይለኛል።
ስደግመው፣ "እ?"
ሰምቶ እንዳልሰማ መሰለኝ።
ንቀት መሰለኝ፣ በሰባት ዓመቱ።

በሰኔ፣ ሌሊቱ ሳይጨልም በሚነጋበት አገር፣
"ተኛ፣ ገና ነው" ብለው በሹክሹክታ ነገር፣
ዘሎ ተነሣ፤ "ዛፉ የታል?" አለ፣ ስጦታ ፍለጋ።
ገና ሲጠብቅ፣ ገና ሲላላ፣
በአንዲት ትንፋሽ መካከል በዓል መጥቶ ሄደበት።

መምህርቱ ሲግሪድ፣ ደግ ሴት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ
"ሁለት ቋንቋ በዝቶበት ይሆናል" አለችኝ።
አመንኳት። ክረምቱን ሙሉ አማርኛዬን
እንደ ረጠበ ጃንጥላ ከደጅ አቆምኩት።
ልጄን በተውሶ ምላስ ሳባብለው፣
"ማሙሽ" የሚል ቃል ኖርዌጅኛ የለው።

ከዚያ ምርመራው፤ ከጓዳ የማትሰፋ ክፍል፣ ወፍራም በር።
ድምፅ ስትሰማ አዝራሩን ተጫን፤ ተጫነ።
ጆሮው ንጹሕ ነው፣ ኩክም የለበት፣
የጉንዳን ኮቴ አያመልጠውም በዚያ ፀጥታ ቤት።
ቀጥለው ቃሉን ከገበያ ጫጫታ ጋር ቀላቅለው
እንደ ጤፍ ከአሸዋ ለቅመህ አውጣ አሉት።
ያፌት እጁን ከአዝራሩ አነሣ፤
በመስታወቱ ማዶ እኔን አየኝ፣
መልሱ ፊቴ ላይ የተጻፈ ይመስል።

ሐኪሟ ራንዲ ወረቀት ላይ መንገድ ሣለች።
"ጆሮው ደብዳቤውን ሙሉውን ይቀበላል" አለች፤
"መንገድ ላይ ነው ዝናቡ ቀለሙን የሚያጥበው።
የሚደርሰው እርጥብ ወረቀት ነው፤ የቀረውን ይገምታል።
ቀኑን ሙሉ ሲገምት ይውላል። ማታ የሚያለቅሰው
ደክሞት ነው። ቋንቋሽ ምንም አላደረገውም።"

ለስንት ባዕድ አስተረጎምኩ፤
ያን ቀን ግን ቃሏ በኖርዌጅኛ ገብቶ
በማንኛውም ቋንቋ አልወጣ አለኝ።
እናቴ "ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው" ትል ነበር፤
ለሐሜት የተነገረ ተረት ነው፣ አውቃለሁ፣
ግን ባዳዋ ጆሮ የእኔዋ ነበረች።

አሁን ሲግሪድ አንገቷ ላይ ትንሽ ማይክ ታንጠለጥላለች፤
የክፍሉ ወንበሮች ሁሉ የቴኒስ ኳስ ተጫምተዋል።
እኔም ከማድቤት መጮህ ትቻለሁ፣
ውሃ ማፍያውን አጥፍቼ፣ ትከሻውን ነክቼ፣
ፊት ለፊት፣ አንድ ነገር ብቻ፣ በአማርኛ።
አልዳነም። የሚድን ነገርም አይደለም አሉን።
አንዳንድ ቀን እኔም እረሳዋለሁ፤ እጮሃለሁ።

ስዕሉን ከበሩ አጠገብ፣ ኮት መስቀያው ላይ ሰቀልኩት፤
ኮቱ ግን ዛሬም ወለሉ ላይ ነው።
ተንበረከክሁ። ዝናቡ ጋብ እስኪል ጠበቅሁ።
"ማሙሽ፣ ኮትህን ስቀል።"
"እ?"
ደገምኩለት።